ድንቹ ምን አደረገ?

በታመቀ አየር የሚተኩስ የድንች መድፍ ሲከሽፍ አይጮኽም። «ፍስስስ» ይላል፤ ድንቹ ከአፈሙዙ ብቅ ይልና ሦስት እርምጃ ያህል ሄዶ ሣሩ ላይ ዘፍ ይላል። ባለመድፉ ድንቹን ያያል፤ ድንቹም መልሶ የሚያየው ይመስላል። አጥር ተደግፎ የሚመለከት ጎረቤት ካለ ይሄኔ ሳል ይይዘዋል።

ቀጥሎ የሚሰማው ቃል በየግቢው አንድ ነው፤ «ድንቹ ነው!» ድንቹ ትንሽ ነው፣ ድንቹ ርጥብ ነው፣ ድንቹ የቆየ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። ከመድፉ ነገሮች ሁሉ የባለመድፉ እጅ ያልሠራው ድንቹን ብቻ ስለሆነ፣ ጥፋተኛ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚታሰረው እሱ ነው።

መሣሪያው የአሜሪካ ጋራዥ ልጅ ነው። በዚያ አገር መኪናው ደጅ ያድራል፤ ጋራዡ ውስጥ የሚያድሩት መሰርሰሪያ፣ መጋዝ፣ በግማሽ የቀረ ቀለምና «አንድ ቀን ይጠቅማል» የተባለ ቱቦ ናቸው። ያ አንድ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ለአትክልት ውኃ ማጠጫ ተገዝቶ የተረፈ ነጭ የፒቪሲ ቱቦ ይወጣል፤ ከዚያው መስመር የተነቀለ ቫልቭ ይገኛል፤ የብስክሌት መንፊያ ከልጆች ይወሰዳል፤ ድንቹ ከወጥ ቤት ይመጣል። ይሄን ሁሉ የሚያይ አበሻ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ቢል አይፈረድበትም። የተቸገረ ሰው ድንች ይቀቅላል እንጂ አይተኩስም።

አሠራሩን ለመረዳት የሰውን ገላ ማሰብ ይበቃል። ከኋላ ያለው ሰፊ ቱቦ አየር የሚጠራቀምበት ሆድ ነው። ከፊት ያለው ጠባብና ረጅም ቱቦ ድንቹን የሚጎርሰው አፍ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቫልቭ ጉሮሮ ነው። ሆዱ በመንፊያ ይሞላል፣ ጉሮሮው ዘግቶ ይቆያል፤ ቃታው ሲነካ ጉሮሮው ባንዴ ይከፈትና አየሩ ድንቹን እየገፋ ይወጣል። በጸጉር ስፕሬይ ጋዝ እየተቀጣጠለ የሚተኩስ ወንድምም አለው። የዚያኛው ጉዳይ የእሳት ጉዳይ ነው፤ ሊቃውንቱም ቅንድባቸውን አይቶ መለየት ይቻላል። እሱ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

አማርኛ ይህን መሣሪያ ሳያውቀው ቃሉን አዘጋጅቶ ጠብቆታል። ጎማ አየሩን ሲያጣ «ተነፈሰ» ይባላል። ሰው በሕይወት ሲኖርም «ይተነፍሳል»። ምስጢር የሰማ ሰው ደግሞ «ትንፍሽ እንዳትል!» ተብሎ ይመከራል። የድንች መድፍ ጥበብ ከዚህ አይወጣም፤ እስኪጠየቅ ትንፍሽ አለማለት፣ ሲጠየቅ ግን ያለውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ማፍረጥ። የከሸፈ መድፍ ከሁለቱ አንዱን ያጎደለ ነው። ወይ አስቀድሞ ሹክ ብሏል፤ ወይ ሲናገር ተንተባትቧል።

«መክሸፍ» ለጥይትም ለመፈንቅለ መንግሥትም የሚያገለግል ሰፊ ቃል ነው። መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ግን «ድንቹ ነው» ያለ ሰው እስካሁን አልተሰማም።

ምርመራው የሚጀምረው በጆሮ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ መድፉ ሲከሽፍ የተናገረውን በደንብ የሰማ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ገና ሲነፋ «ስስስ» የሚል ከሆነ ሆዱ ተቀድዷል። ቃታው ሲነካ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ጉሮሮው አልተከፈተም። ረዘም አድርጎ «ፍስስስ» ካለና ድንቹ በስንፍና ከወጣ፣ ወይ ጉሮሮው ዘግይቶ ተከፍቷል ወይ አየሩ በድንቹ ጎንና ጎን አምልጧል። «ዷ» ብሎ ድንቹ ቅርብ ከወደቀ ደግሞ ነገሩ ወደ አፍ ያመራል። ባለመድፉ ግን ይሄን ሁሉ አይሰማም፤ በዚያች ሰዓት የሚሰማው የጎረቤቱን ሳል ነው።

ያም ሆኖ ከድንቹ መጀመር ክፋት የለውም፤ ክሱ ተሰምቶ ይዘጋል። ድንች ከአምስት እጁ አራቱ ውኃ ነው። ስለዚህ «ርጥብ ስለሆነ ነው» የሚለው ክስ ገና ሲነበብ ይወድቃል፤ ርጥብ ያልሆነ ድንች ቺፕስ ይባላል። ድንች ከአንዲስ ተራሮች ተነሥቶ ዓለምን የዞረ፣ ወደ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1858 ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ አማካይነት እንደገባ የሚነገርለት፣ ሽሮ የሰለቸውን ጾመኛ ሲደግፍ የኖረ ሰላማዊ ፍጡር ነው። የጦረኛነት ስም የወጣለት ሳይሠራ ነው።

ስሙ የወጣለት በባሕር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1943 ኦባኖን የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ በሰሎሞን ደሴቶች አካባቢ በጨለማ ከአንድ የጃፓን ሰርጓጅ ጋር ተፋጠጠች። ሁለቱ ከመጠን በላይ ተቀራርበው ስለነበር የኦባኖን መድፎች ወደታች ዝቅ ብለው ማነጣጠር አልቻሉም። የቀረውን ወሬ ጨረሰው። በወሬው መሠረት መርከበኞቹ ከድንች ማከማቻው እያፈሱ ወረወሩ፤ ጃፓኖቹ የእጅ ቦምብ መስሏቸው ድንቹን ከመርከባቸው ላይ ሲለቅሙና ወደ ባሕር ሲጥሉ የራሳቸውን መሣሪያ ረሱ፤ ኦባኖንም ፋታ አግኝታ ራቅ ብላ መታቻቸው። የመርከቧ አዛዥ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» እያለ ለዓመታት አስተባበለ። የሜይን ግዛት ድንች አምራቾች ግን በ1945 ለመርከቧ የምስጋና ሰሌዳ አበርክተው ነበር። ድንች ሲወደስ ምስክር የሚጠራ የድንች ገበሬ የለም። ድንች እንዲህ ነው፤ ባላደረገው ይሸለማል፣ ባላደረገው ይከሰሳል።

ድንቹ በእውነት የሚጠየቅበት አንድ ነገር ቢኖር ልኩ ነው። በደንብ የተሠራ መድፍ የአፈሙዙ ጠርዝ ከውጭ በኩል ተሞርዶ ስለት ይወጣለታል፤ ከቀዳዳው የሚበልጥ ድንች ሲጫንበት ትርፉ ተቆርጦ ይቀርና ልክክ ያለ ውታፍ ወደ ውስጥ ይገባል። ከቀዳዳው የሚያንስ ድንች ሲገባ ግን አንድ ጎኑ ቆዳው እንዳለ ይቀራል፤ በዚያ በኩል አየሩ ድንቹን ሳይገፋ እንደ ጨዋ ሰው «ይቅርታ፣ ልለፍ» ብሎ ያልፋል። ፈተናው ቀላል ነው። ሆዱ ባዶ ሆኖ ቱቦው ወደ ላይ ሲቀና ድንቹ በራሱ ክብደት ከተንሸራተተ ልኩ አይደለም፤ በእንጨት ሲገፋ አሻፈረኝ ካለ ደግሞ ከልኩ አልፏል።

በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ የሚኖር አበሻ አባት እዚህ ላይ የራሱ ጣጣ አለበት። ልጁ ከጎረቤት ልጅ ጋር ቱቦ ሲያጣብቅ ሰንብቶ ድንች ሊወስድ ወጥ ቤት ይገባል። አባት የወደቀ ዳቦ አንሥቶ፣ ስሞ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። «ምግብ ይተኮሳል እንዴ?» ይላል። «አባዬ፣ ሳይንስ ነው።» «ሳይንሱን በሌላ ነገር አታደርጉትም?» እናት ከወዲያ ሆና «ተው እንግዲህ፤ የበሰበሰውን ስጠው» ትላለች። ክርክሩ ሁልጊዜ በበሰበሰው ድንች ይታረቃል። ችግሩ በእውነት የማይተኮስ ድንች ቢኖር የበሰበሰው ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ አየሩ ከመግፋት ይልቅ ሰንጥቆት ያልፋል፣ ከአፈሙዙም ገንፎ ይወጣል።

እንዲህ ያለ ገንፎ በዴላዌር ግዛት የራሱ ስም ወጥቶለታል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ዱባ አርቆ የመወርወር ውድድር ይደረግ ነበር። ከወርዋሪዎቹ መካከል ቧንቧቸው ከቤት የሚረዝም የአየር መድፎች ነበሩ፤ ከእነዚህ ግዙፎች አንዱ በ2010 በዩታ ግዛት ዱባን ከአንድ ማይል በላይ ልኳል። ዱባው ሳያርፍ አየር ላይ ሲበተን ተወዳዳሪዎቹ «ፓይ» ይሉታል፤ የዱባ ኬክ መሆኑ ነው። ጥፋቱን በዱባው ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ስሙን ለውጦ ማለፍ የጨዋ ልማድ ነው።

ድንቹ በነጻ ከተሰናበተ ተረኛው ሆድ ነው።

አየር ማጠራቀም ላብ ይጠይቃል፤ ይህም የቆየ ነገር ነው። የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1780 አካባቢ የታጠቀው የጂራንዶኒ የአየር ጠመንጃ ሰደፉ ራሱ የአየር ጋን ነበር። ሃያ ያህል ጥይት ያለ ባሩድና ያለ ጭስ ያከታትላል፤ ሰደፉን ለመሙላት ግን ወደ 1,500 ጊዜ ያህል መንፋት ያስፈልግ ነበር። ጠላት ሲመጣ «ቆይ፣ ገና ዘጠኝ መቶ ላይ ነኝ» የሚል ወታደር ይታሰብ። ዛሬ የጋራዡ ባለመድፍ ሠላሳ ጊዜ ነፍቶ ሲደክመው ይበቃል ይላል። መለኪያውን ቢያይ ግን ሆዱ ገና ቁርስ እንኳ አልበላም። ከከሸፉ መድፎች አንዳንዶቹ በሽታ የለባቸውም፤ ረኃብ ብቻ ነው።

በተቃራኒው መለኪያው ሞልቷል እያለ ሆዱ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ባለመድፉ የሚያየው በመንፊያው ላይ ያለውን መለኪያ ነው፤ እሱ የሚናገረው ስለ መንፊያው ቱቦ ነው። የመድፉን ሆድ የሚያውቀው ሆዱ ላይ የተተከለ መለኪያ ብቻ ነው። መለኪያው ከሞላ በኋላ መንፊያው ተለያይቶ፣ ሰው ሁሉ ከኋላና ከጎን ራቅ ብሎ፣ አምስት ደቂቃ ሲጠበቅ መርፌው ከወረደ አንድ ቦታ ሹክታ አለ።

ሹክታን ለማግኘት የአዲስ አበባን ጎሚስታ የሚያህል መምህር የለም። ጎሚስታ ጎማው የት እንደተበሳ በመላ ምት አይናገርም። ባለመኪናው «በዚህ በኩል ሳይሆን አይቀርም፣ መንገድ ላይ ምስማር ረግጬ ነበር» እያለ ታሪክ ሲያወራ፣ እሱ መልስ ሳይሰጥ ጎማውን ከቆሸሸ ውኃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ያዞረዋል። አረፋ በወጣበት ላይ አውራ ጣቱን ያሳርፋል። ክርክሩ አለቀ። መድፍ ገንዳ ስለማይገባ በስፖንጅ የሣሙና ውኃ ይቀባል፤ ለዚህም ሆዱ ውስጥ ትንሽ አየር ብቻ ይበቃል፣ አፉም ድንች መያዝ የለበትም። አረፋ የሚነፋበት ቦታ ነው ቀዳዳው። ባለመድፉ መጀመሪያ የሚቀባው ፊት ለፊት የሚታየውን መጋጠሚያ ነው፤ ጉድና ጅራት ግን ከወደ ኋላ ነው። የኋላው ክዳን፣ አየር የሚገባበት የጎማ ቫልቭ፣ የመለኪያው ጥርስ፤ ሹክታ የሚወደው እነዚህን ነው። ጥርስ ያለው መጋጠሚያ ቴፍሎን ይጠመጠምበታል፤ ያረጀ ጎሚኒ ይለወጣል። የተጣበቀ መጋጠሚያ ሲያፈስ ግን መለጠፊያ አይበጀውም፤ ተቆርጦ በአዲስ ይተካል።

አንድ ሹክታ በሣሙና አይገኝም፤ በጉሮሮ በኩል ወደ አፍ የሚወጣው። ምልክቱ ድንቹ ራሱ ነው። ማንም ሳያዝዘው ወደፊት ተስቦ ከተገኘ ቫልቩ ውስጥ ውስጡን እያማ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጆሮውን አፈሙዙ ላይ ለጥፎ ማዳመጥ ያምረዋል። ወደዚህ ነገር መጨረሻው ላይ መመለስ ግድ ይሆናል።

ጉሮሮው የመድፉ ጭንቅ ያለበት ቦታ ነው፤ የከሸፈውም መድፍ አብዛኛው የሚከሽፈው እዚሁ ነው። ጀማሪዎች በእጅ የሚዞር ቦል ቫልቭ ያደርጋሉ። እጀታው ሩብ ዙር ሲዞር ይከፈታል፤ ነገር ግን ሩብ ዙር ለድንች ረጅም ዘመን ነው። ቫልቩ ገና ስንጥቅ ሲያህል አየሩ መሹለክ ይጀምራል፣ ድንቹም «ይሄ ነው እንዴ የጠራችሁኝ?» እያለ ጉዞ ይጀምራል፤ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ድንቹ መንገዱን አጋምሷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው በብረት ሲተረጎም ይህን ይመስላል።

ትንሽ የበሰሉት የአትክልት ውኃ ማጠጫውን ቫልቭ ይጠቀማሉ። ይሄ ቫልቭ ውስጡ የጎማ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ስላለች ግፊቱ ከላይም ከታችም ይስተካከላል፤ ከላይ ስፕሪንግ ስላለ ሽፋኑ ተጭኖ ይዘጋል። ሶሌኖይድ የተባለው ማግኔታዊ ቃታው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ከላይ ያለውን ግፊት ያስተነፍሳል፤ ያኔ የታችኛው ግፊት ሽፋኑን ወደ ላይ ያነሣዋል። ዘዴው ያማረ ነው፤ የተሠራው ግን ለጎመን ነው። ጎመን አይቸኩልም። ቫልቩ በግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ውኃ ዘገየብኝ ብሎ የሚከስ ጎመን የለም። ድንች ግን ይከሽፋል። ስለዚህ የዘርፉ ሰዎች ሶሌኖይዱን ነቅለው የላይኛውን አየር በሰፊ ቀዳዳ ባንዴ የሚያስተነፍስ ነገር ይተኩበታል፤ ከተንተባተበ መድፍ ጋር ሲታገል የሰነበተ ሰው በዚህች ለውጥ ዕለቱን መድፉ ሲጮኽ ይሰማል።

ሶሌኖይዱን ያልነቀለ ደግሞ ባትሪውን ይጠይቅ። እነዚህ ቫልቮች የተሠሩት ለ24 ቮልት ነው። ሦስት የ9 ቮልት ባትሪ ተቀጥሎ 27 ቮልት ይሆናል፤ በሂሳብ ይበቃል። ባትሪዎቹ ከልጆች መጫወቻ የተነቀሉ ከሆኑ ግን ሂሳቡ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ «ጠቅ» የምትል ድምፅ ትወጣለች፣ ሌላ ነገር የለም።

ከሁሉ የሚያስቀው የቀስቷ ነገር ነው። እያንዳንዱ የዚህ ዓይነት ቫልቭ ጎኑ ላይ ውኃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ የምታሳይ ቀስት ታትማበታለች። ተገልብጦ የተገጠመ ቫልቭ አየር አይዝም፤ ገና ሲነፋ ሽፋኑን ገፍቶ በአፍ ይወጣል። ባለመድፉ ቴፍሎን ይለውጣል፣ ሣሙና ይቀባል፣ መንፊያ ይዋሳል፣ ድንች ይገዛል፤ ቀስቷ ሁለት ሳምንት ሙሉ እየጠቆመችው ትኖራለች። በመጨረሻ የሚያያት አጥር የተደገፈው ጎረቤት ነው።

በቫልቭ የተሸነፈ የጋራዥ ሰው የሚጽናናበት ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1940 የኮርንዎሉ የሆልማን ወንድማማቾች ፋብሪካ፣ ለማዕድን ቁፋሮ የአየር መሣሪያ ሲሠራ የኖረው፣ ለእንግሊዝ መርከቦች በእንፋሎት ወይም በታመቀ አየር የሚተኩስ ቱቦ ሠራ። ሥራው የእጅ ቦምብ ወደ ጠላት አውሮፕላን መላክ ነበር። የመድፍ እጥረት ስለነበር መርከበኛው ያገኘውን ያዘ። ጠላት በሌለበት ሰዓት ግን ከመርከብ መርከብ ድንች እየተኮሱ ይጫወቱበት ነበር። የድንች መድፍ እንግዲህ በመንግሥት ወጪ የተሠራበትም ጊዜ አለ።

ጉሮሮው ከዳነ የሚቀረው አፍ ነው። ባለመድፍ ሁሉ ቱቦው በረዘመ ቁጥር ድንቹ ይርቃል ብሎ ያምናል፤ እስከ አንድ ልክ ድረስ እውነት ነው። አየሩ ከሆድ ሲወጣ እየሰፋ ይሄዳል፣ እየሰፋ ሲሄድ ጉልበቱ ይደክማል። ሆዱ ትንሽ፣ አፉ ረጅም ከሆነ፣ ድንቹ ገና ሳይወጣ የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር ጋር ይስተካከላል። ከዚያ ወዲያ ድንቹ የሚሄደው በራሱ ነው፤ ከኋላው ያለው አየር ደግሞ መጎተት ይጀምራል። እንግዳውን እስከ በር ሸኝቶ በሩ ላይ «ቆይ እንጂ፣ ቡና ሳትጠጣ?» ብሎ እጁን እንደሚይዝ ባለቤት ማለት ነው። መድኃኒቱ አፉን ማሳጠር ነው። ይህን የሚደፍር ባለመድፍ ግን ጥቂት ነው፤ ረጅሙ ቱቦ ፎቶ ላይ ያምራል።

ከርዝመት ሌላ የድንቹ ዱቄት አለ። በተተኮሰ ቁጥር ቱቦው ውስጥ የሚቀረው ስታርች ሲደርቅ ሙጫ ነው። ጠዋት በደንብ የተኮሰ መድፍ ከሰዓት በኋላ የሚከሽፈው በዚህ ነው። በሞቀ ውኃና በጨርቅ ይታጠባል። ድንች ጎርሶ ያደረ መድፍ ደግሞ በማግስቱ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን ተረት ያስታውሳል።

ስለ ረጅም አፍ ከተነሣ የቬሱቪየስን ስም ሳያነሡ ማለፍ ያሳፍራል። እ.ኤ.አ. በ1888 ወደ ውኃ የገባችው ይህች የአሜሪካ የጦር መርከብ 38 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት የአየር መድፎች ነበሯት፤ ርዝመታቸው አሥራ ስድስት ሜትር ያልፋል፣ የሚልኩት ደግሞ ፈንጂ ነበር። መድፎቹ ከመርከቧ ገላ ጋር ተጣብቀው ስለተተከሉ አይዞሩም፤ ለማነጣጠር መርከቧ ራሷ መዞር ነበረባት። ርቀቱን የሚወስኑት አየሩን በመጨመርና በመቀነስ ነው። በ1898 የኩባዋን ሳንቲያጎን በሌሊት ስትመታ የመድፍ ጩኸት አልነበራትም፤ ጥይቱ ሳይታወቅ ይመጣ ነበር። ተጠቂዎቹን በጣም ያስፈራው ይህ ዝምታ ነው ይባላል። ያም ሆኖ ባሕር ኃይሉ ሌላ እንደ እሷ ያለ መርከብ አልደገመም። ለማነጣጠር ቤቱን ማዞር ያለበት ሰው ጎረቤት አይቀናበትም።

እስካሁን የተነሣው ድንቹ እንዳይከሽፍ ነው። የቀረው ሰውየው እንዳይከሽፍ ነው፤ ይሄኛው ሳቅ የለበትም።

ነጩ ቱቦ ላይ የታተመ ቁጥር አለ። ባለ ሁለት ኢንች ወፍራሙ ዓይነት ብዙ ጊዜ 280 ፒኤስአይ የሚል የግፊት ልክ ይነበብበታል። ባለመድፉ ቁጥሩን አይቶ ልቡ ይሞላል። ቁጥሩ ግን ለውኃ ነው፣ ያውም በ23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፤ በ43 ዲግሪ ሙቀት አቅሙ በግማሽ ያህል ይወርዳል። ውኃ ሲታመቅ ብዙም አይጨበጥም፤ ቱቦው ቢሰነጠቅ ትንሽ ፈንጥቆ ግፊቱ ያልቃል። አየር ግን እንደ ስፕሪንግ ተጨብጦ ይቀመጣል፤ ቱቦው ሲሰነጠቅ የተጠራቀመው ሁሉ ባንዴ ይፈታል፣ ፒቪሲም አይቀደድም፣ እንደ ብርጭቆ ተሰባብሮ ይበተናል። ብርድና የቆየ ፀሐይ ደግሞ ይበልጥ ያደርቁታል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ይህ ቱቦ ከመሬት በላይ ለታመቀ ጋዝ እንዳይውል ያስጠነቀቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የቱቦ አምራቾችም ይህንኑ ይላሉ። ስለዚህ በፒቪሲ የተሠራ የአየር ሆድ የከሸፈበት ሰው የመጀመሪያ ጥገናው ሆዱን መለወጥ ነው፤ ለታመቀ አየር ተብሎ በተሠራ ጋን።

ማጣበቂያውም የራሱ ትዕግሥት አለው። በማግስቱ እንኳ ያልጠና መጋጠሚያ አለ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተነፋበት ደግሞ ክዳኑን ይወረውራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2016 በዴላዌሩ የዱባ ውድድር ላይ የአንድ አየር መድፍ የብረት ክፍል ተገንጥሎ ሰው ክፉኛ ጎድቷል፤ ውድድሩ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም። ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1803፣ አሜሪካዊው አሳሽ ሜሪዌዘር ሉዊስ ወደ ምዕራብ ለአሰሳ ሲነሣ ፒትስበርግ አጠገብ ባለች ደሴት ላይ የአየር ጠመንጃውን ለሰዎች አሳይቶ ነበር። አንዱ ተቀብሎ ሲነካካው ሳያስበው ተኮሰ፤ ጥይቱ ራቅ ብላ የቆመችን ሴት ጭንቅላቷ ላይ ጫራት። ሴትየዋ ተርፋለች። የአየር መሣሪያ ጭስ የለውም፣ የባሩድ ሽታም የለውም፤ ጎርሶ መቀመጡን የሚናገር ነገር የለውም።

ሣሩ ላይ ዘፍ ያለው ድንች እንግዲህ ይቆይ፤ ማንም አይሮጥለት። «ፍስስስ» ብሎ የከሸፈ መድፍ ሆዱ ውስጥ ግማሽ ትንፋሽ ሊቀረው ይችላል፤ ጠቅ ብሎ ዝም ያለው ደግሞ ሙሉውን ይዟል። መጀመሪያ አፈሙዙ ሰውም ቤትም ወደሌለበት ይዙር፤ ባትሪው ይለያይ፤ የአየር ማስተንፈሻው ይከፈት፤ ሆዱ ላይ ያለው መለኪያ ዜሮ እስኪያሳይ ይጠበቅ። ከዚያ በፊት፣ አንባቢ ሆይ፣ ምን እንደያዘው ለማየት በአፉ በኩል አትመልከት።